ጋሽ ሰይድ ያልተቀመጡበት ወንበር

ባለፈው ሳምንት ሚልፒታስ ከተማ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ከቆሙት አዛውንት የጉልበት ቅባት ሸተተኝ፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የሜንቶል ሽታ። መድኃኒቴን ሳልወስድ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ።

ኦክላንድ ሳድግ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ቀን የኤርፖርት ቫን ይነዳሉ፤ ከሥራ ሲመለሱ ጉልበታቸውን በቅባት አሽተው እኔን ይዘው ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ይወርዳሉ። አስፋልቱ የተሰነጠቀ፣ ቀለበቱ መረብ የሌለው ነበር። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ቡድን ተጫውተዋል። የቴሌቪዥን ጨዋታ በቪዲዮ ካሴት ቀድተው አንዷን እንቅስቃሴ እየመለሱ እየመለሱ ያሳዩኝ ነበር፤ ካሴቱ እስኪያለቅስ። አባቴ ሞቶ ስለነበር እኔም እናቴም ሁሉን ነገር የምንጠይቀው እሳቸውን ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ሁለት በር ባንዴ ተከፈተልኝ። ሳን ሆዜ ያለ አንድ ኮሌጅ በነጻ እያስተማረ ሊያጫውተኝ ፈለገ፤ አንድ ወኪል ደግሞ አውሮፓ ላለ የፕሮፌሽናል ክለብ ላስፈርመው አለ። እናቴ ኮሌጁን ወደደች። ጋሽ ሰይድ ግን ሶፋችን ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣

«ስሚኝ እህቴ፣ ኮሌጅ ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚያጫውቱት። ኳስ የሚለመደው ከትላልቅ ወንዶች ጋር እየተጋፉ ነው። ካልሆነለት ተመልሶ ይማራል፤ ትምህርት ቤቱ የት ይሄዳል?» አሏት።

በእሳቸው ዘመን እንዲያ ነበር። ለፋብሪካው ተጫውተው ሲበቃቸው ወደ ትምህርታቸው ተመልሰዋል፤ ለምን ያላቸው የለም። እዚህም እንደዚያው መሰላቸው። እኔም አመንኳቸውና ፈረምኩ።

አውሮፓ የተጋፋሁት ከተጠባባቂዎች ወንበር ጋር ነበር። ክለቡ የሚፈልገው የበሰለ ተጫዋች ነው፤ እኔን ቁጭ ብሎ የሚያበስል ማንም አልነበረም። ብርዱ ሳይወጣ አሰናበቱኝ። ኮሌጁ ጋ ስደውል፣ አንዴ ተከፍሎህ ተጫውተህ ፕሮፌሽናል ስለሆንክ ለእኛ መጫወት አትችልም፣ ስኮላርሺፑም የለም አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ከአልጋዬ አልተነሳሁም። መኖሬን ጠላሁት።

ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። ጎረቤቶቻችንን ሐጂ ኑሩንና ታች ቤት ይኖሩ የነበሩትን ፓስተር አስከትለው፣ የሰው ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ሁሉ ሱፍ ለብሰው፣ ሦስት ሆነው የኮሌጁ አሠልጣኝ ቢሮ ገቡ። ጋሽ ሰይድ እንግሊዝኛ ቢሰሙም መናገሩ ስለሚከብዳቸው አስተርጓሚው እኔው ነበርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ፕሊስ፣ ሲት ዳውን» አለ አሠልጣኙ።

ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«ያሲን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በለው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ልጁ አላጠፋም፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት በለው።»

ነገርኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም አለ። እንደገና አስነገሩኝ፤ ደግመው አስነገሩኝ። ሐጂና ፓስተሩ ደክሟቸው ተቀመጡ። ጋሽ ሰይድ ግን እንደቆሙ ቀሩ፤ የታመመው ጉልበታቸው ሱሪያቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። በመጨረሻ አሠልጣኙ ተነስቶ በሩን ከፈተልን።

ስንመለስ ፍሪዌይ ላይ እሳቸው እየነዱ ሳለ፣ ሕይወቴን አበላሹት አልኳቸው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ብዬ በእንግሊዝኛ ነበር።

«ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

ከዚያ በኋላ ሜዳ አልወረዱም። እኔም ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ በቀር አላናግራቸውም ነበር። እንዲሁ እንደተኳረፍን ሞቱ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይህ ያቃጥለኛል።

አሁን ማውንቴን ቪው ከተማ የካምፓኒ ሠራተኞች የሚያመላልስ ባስ እነዳለሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ታማ ሆስፒታል ስናመላልሳት ዶክተሩ ቢሮው አስገባኝ። ከዚህ በላይ የምናደርግላት ነገር የለም አለና ወንበር ሳበልኝ። ሌላ መድኃኒት ይሞከር አልኩት። የለም አለ። እንደገና አልኩት። ተቀመጥ እያለ ለመነኝ።

አልተቀመጥኩም።