ፀሐይ ትጠፋለች ያሉን መምህር

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ገበያ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ደረቅ ኮረሪማ ፈረከሰችና «እትዬ፣ እስቲ ያሽትቱት» ብላ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። የመጣሁበትን ረሳሁት። መምህር ዘውዴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

መምህር ዘውዴ በደርግ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ የፊዚክስ አስተማሪያችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክርኑ የተጣፈ ካኪ ኮት የማይለያቸው ሰው። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚያደነቁር የኖረበት ያውቀዋል፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች ጮኸው ጮኸው ሲደክማቸው ቁጭ ይላሉ። እሳቸው ግን ለዝናብ የሚሆን ትምህርት ነበራቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን ዝናቡ ሲጀምር ከኪሳቸው ኮረሪማ አወጡና ጠረጴዛው ላይ በዳስተሩ እንጨት ፈረከሱት። ሽታው የደረሰው እጁን እንዲያወጣ በምልክት አሳዩን። መጀመሪያ የፊት ወንበሮች፣ ቀጥሎ መሀሉ፣ በመጨረሻ ከኋላ ያሉት ረባሾች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ።

ዝናቡ ሲያባራ «በሉ አሁን ሽታውን ሰብስባችሁ ቅርፊቱ ውስጥ መልሱልኝ» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። የፀሐይም ሙቀት እንዲሁ ተበትኖ እንደማይመለስ፣ አንድ ቀን እሷም ከዋክብቱም እንደሚጠፉ፣ ጽንፈ ዓለሙ ሁሉ ቀዝቅዞ ጸጥ እንደሚል ነገሩን። «አትፍሩ፣ ሩቅ ነው። የዓመታቱን ቁጥር ዜሮዎች ልጻፍ ብል የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ያልቃል።» እኔ ግን ፈራሁ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ለእኛ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ያን ሰሞን በየሳምንቱ አዳራሽ እየተሰበሰብን እንወያይ ነበር። ካድሬው የሰው ልጅ መድረሻ ኮሙኒዝም እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ችግር የሚባል ነገር እንደማይኖር ሲያስረዳ እኔ ጎበዟ ተነሳሁ።

«ጓድ፣ ኮሙኒዝም የሚመጣው ፀሐይ ከመጥፋቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

እውነቴን ነው፣ ለማሾፍ አልነበረም። ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ።

«ፀሐይ ትጠፋለች ያለሽ ማነው?»

«መምህር ዘውዴ!» አልኩ፣ በኩራት።

በሳምንቱ መምህር ዘውዴ እዚያው መድረክ ላይ ቆመው ግለ ሂስ አደረጉ። ወጣቱን ተስፋ የሚያስቆርጥ ጨለምተኛ አስተሳሰብ እንዳስፋፉ ከወረቀት አነበቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብዙም ሳይቆይ ራቅ ወዳለችው ቢታ ገነት መዛወራቸው ተሰማ።

የሚሄዱ ዕለት ጭነት መኪናው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ይቅርታ ማለት እንኳ አቃተኝ።

«ለምን ታለቅሻለሽ? ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው» አሉኝ ሻንጣቸውን እያቀበሉ። «መልሱን እኔም ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። መፍራቱን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ መጠየቅ እንዳትተዪ።»

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔም ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ እዚሁ ቦንጋ አረጀሁ። ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፤ ቢሆንም አንዲት ተማሪ ተነስታ «ቲቸር፣ ፀሐይ ትጠፋለች እንዴ?» ስትለኝ፣ ሳላስበው ዓይኔ ቀድሞ ወደ በሩ ይሄዳል።

ከዚያ እመልስላታለሁ።