ለእንግዳ የሚሰጥ መልስ

የጸጥታ ሰዎች የያዙኝ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣዬን እየጠበቅኩ ነው። ጫማዬ ላይ ገና የገጠሩ አቧራ ነበር። ሥራዬ ድርቅ በመታቸው ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ የስንት ቀን ውሃና ምግብ እንደቀራቸው መመዝገብ ነበር። ደብተሬን ወሰዱ፤ እኔን ከአያት ሰፈር ወዲያ፣ ግድግዳው ገና ያልተለሰነ ክፍል ውስጥ አስገብተው ዘጉብኝ። መፍራት ነበረብኝ፤ እንቅልፍ ብቻ መጣብኝ።

ክፍሉ ውስጥ ጠያቂ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ የላከችውን ምሳ ከፈትኩና «አባባ፣ ይቅረቡ» አልኳቸው።

«በልቻለሁ ልጄ፣ ብላ አንተ።»

አመንኳቸው። በማግስቱም እንደዚያው አሉኝ፤ ብቻዬን በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ደብተሬን ገልጦ አነበበ፦ «‹ምግብ አላችሁ ወይ ሲባሉ፣ አለን ተመስገን።› የራስህ ጽሑፍ ነው። እነሱ አለን ሲሉ፣ በሪፖርትህ ረሃብ አለ ያልከው አንተ ነህ። ሪፖርቱ ውሸት ነው ብለህ ፈርምና ዛሬውኑ ልጆችህ ጋ ግባ።»

«ከሥሩ ያለውንም አንብበው» አልኩት።

ከሥሩ «እሳት ከነደደ ሦስት ቀን» ይላል። እንግዳ ፊት ርቦኛል የሚል ሰው የለም፤ ስለዚህ እኛ መዝጋቢዎች በመልሱ ብቻ አንወጣም። ወደ ምድጃው እንሄዳለን፣ አመዱን በእጃችን እንዳስሳለን። ይህን እያስረዳሁት ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። ጠዋት ከሚታደለን ዳቦ በቀር ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። አፈርኩ። ከተያዝኩ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ሰዓቱ ገፋ። መርማሪው ለራሱ ያመጣውን ሳንድዊች ከሁለት ቆርሶ ግማሹን እንድፈርመው ካቀረበልኝ ወረቀትና ከእስክሪብቶው ጎን አስቀመጠልኝ።

«ብላ እንጂ። ምሳህ አለፈህ።»

ሆዴ ይጮህ ነበር።

«በልቻለሁ» አልኩት።

አመነኝ። ወረቀቱ ሳይፈረም ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ምሳዬ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ሽማግሌውን በልተዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ጉርሻ አይመለስምና ጎረሱ። ሁለተኛውንም ጎረሱ።

የተፈታሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ደብተሩ አልተመለሰልኝም፤ እነዚያ ቤቶች እህል ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ «ደህና፣ ተመስገን» እላለሁ። ሁሉም ያምነኛል። ባለቤቴ ብቻ እንደ ምድጃ አመድ እጄን ትዳስሳለች። ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው።