መስኮት ያላት የጭነት መኪና

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ያቺን አሮጌ የእንግሊዝ ሥራ መኪና አዳማ ግቢያችን ውስጥ ሲያድስ የከረመው ለእናቴ ጉልበት ብሎ ነው። የእናቴ ቀኝ ጉልበት ከቀዶ ሕክምና ወዲህ በቅጡ አይታጠፍም። የመኪናዋ የኋላ ወንበሮች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም አግዳሚዎች ናቸው። እናቴ እዚያ ላይ እግሯን ዘርግታ ዓለም ጤና ያለች እህቷን ልትጠይቅ ትችላለች። ሚኒባስ ላይ ይህ አይታሰብም።

እድሳቱ ሲያልቅ ሊብሬው ቀረን። ከአባቴ በፊት መኪናዋን የያዛት የሽንኩርት ነጋዴ ወንበሮቹን ፈትቶ «የጭነት» አስብሎ አስመዝግቧታል፤ አባቴ ወንበሮቹን መልሶ ቢገጥማቸውም ወረቀቱ አልተለወጠም። የጭነት መኪና ከኋላ ሰው መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከመነሻዋ ለሰው የተሠራች መሆኗን ማስረዳት ነበረብን።

በጋዜጠኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝና ማስረጃውን ራሴ ሰበሰብሁ። በጎን መስኮቶቹ ጠርዝ ላይ አንድም የብየዳ ምልክት የለም፤ መኪናዋ ስትመረት የወጡ ናቸው። ወለሉ ላይ የወንበሮቹ ቡሎን መግቢያዎች እንዳሉ ናቸው። ሁሉንም በስልኬ አነሣሁና መኪናዋን ይዘን ወደ መመዝገቢያው ቢሮ ሄድን።

በር ላይ ያለው ጥበቃ ገና ሲያያት ብድግ አለ።

«አካም ጅርቱ አባባ! ይቺ አልሞተችም እንዴ? ልጅ ሆኜ ከቆቃ አዳማ የመጣሁት እኮ እዚች ላይ ተጭኜ ነው!»

«ተሳፍሬ በል እንጂ ልጄ» አለው አባቴ፤ «ዛሬ የመጫን ነገር አታንሣብኝ።»

የቴክኒክ ተቆጣጣሪው ወጣት ነው። መስኮቶቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ።

«እውነትዎን ነው አባባ፤ ለሰው የተሠራች ናት። ግን የፋብሪካው ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ!» አለ አባቴ።

ተቆጣጣሪውን ምስክር እናምጣ አልኩት። ሰው መወለዱን እንኳ በምስክር ያስረዳል፤ የራሳቸው ጥበቃ ተሳፍሮባታል።

«ምስክር ለሰው ነው፤ ለብረት አይሆንም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አባቴ ዞረ፤ «ለእርስዎ ብዬ ነው የምነግርዎት። ወንበሮቹን ይፍቱና መስኮቶቹን በላሜራ ይድፈኗቸው። ያኔ ከሊብሬው ጋር ትገጥማለች፤ ቦሎዋን ወዲያው እንሰጥዎታለን።»

ጉቦ አልጠየቀንም። አልሰደበንም። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። በየቢሮው የሚዋሽ ሹም ብዙ አይቻለሁ፤ ለውሸታም መልስ አለኝ። በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ «እውነት ነው» ካለ በኋላ እውነቱን በላሜራ ሸፍኑት ለሚል ሰው ግን ምን ይባላል? አለቃው ዘንድ ወጣሁ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና «ተቆጣጣሪው የነገራችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለኝ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ አባቴ ተመለስሁ።

«ተወው» አለኝ አባቴ። «ቆማ ከምትበሰብስ መንገድ ትውጣ።»

ወንበሮቹን ፈታ፤ ላሜራውን በገዛ እጁ ቆርጦ መታው። መስታወቶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባቸው። መዶሻው ሲያርፍ ከወትሮው ይጠነክር ነበር።

ቅዳሜ ለዓለም ጤና ተነሣን። ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተጣብበን፣ እናቴ በር ሥር እግሯን እንደምንም አጣጥፋ። ከኋላችን ያለው ሰፊ ቦታ ባዶውን ይንኳኳል። ቆቃ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሊብሬውን አየ፤ ቦሎውን አየ፤ ላሜራውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ንጹሕ ናት። ሕጋዊ ናት» አለ።

እናቴ በሩን ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ ዘረጋች። ጉልበቷን እያሸች ቀና ብላ አየችው።

«የኔ ልጅ፣ ሽንኩርት ከኋላ ተጋድሞ ይሄዳል አይደል?»

«አዎ እማማ፣ ይፈቀዳል።»

«እንግዲያው ጆንያ ፈልግልኝ።»

ፖሊሱ ሳቀ። ጋቢናው ውስጥ የሳቀ አልነበረም።