የማርስ አየርና የግራና ጤፍ

መርሳ ላይ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ ስለ ማርስ አየር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በሀብሩ ወረዳ አልነበረም። ማወቅ የሚፈልግም አልነበረም። እዚያ ያረፈ ማሽን በየቀኑ ብርዱንና ነፋሱን እየለካ ወደ ምድር ይልካል። እኔም ኔትወርክ በፈቀደልኝ ጠዋት ሁሉ ስልኬ ላይ አነብና የመምህራን ማረፊያ ገብቼ አውጃለሁ።

«ዛሬ ማርስ ላይ ብርዱ አይጣል ነው፤ አቧራም ተነስቷል።»

«እንኳን ነገርከን፣ ጋቢ ሳንይዝ ልንሄድ ነበር» ይላሉ ባልደረቦቼ፣ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ።

ከልብ የሚያዳምጡኝ አከራዬ ብቻ ነበሩ። ከመርሳ ወረድ ብሎ ግራና አጠገብ ጤፍ የሚያርሱ፣ ሶላት የማያሳልፉ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት በር ላይ አስቆሙኝ።

«መምህር፣ ጤፌ ደርሷል፤ ሰማዩ ግን አላማረኝም። ልጨደው ወይስ ልቆይ? አንተ የዚያን የሩቁን አየር እንኳ ታውቅ የለ?»

«አላውቅም» ለማለት አንድ ሰከንድ ይበቃል። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። ስልኬን ከፈትኩ፤ ለወልድያ የፀሐይ ምልክት ያሳያል። በእኔ ሳይንስ ወልድያና ግራና አንድ ሰፈር ናቸው።

«ይጨዱ አባባ፤ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነው» አልኩ፣ ደመናውን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ።

«ኢንሻአላህ» አሉና አሳጨዱት።

በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ቆሜ ማርስ ላይ ዝናብ የማይዘንበው ለምን እንደሆነ አስረዳ ነበር። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ መሬቱ ላይ እንደማይቆይ ተናግሬ ሳልጨርስ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጫጫ ጀመር። ድምፄ ተዋጠ። ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔ ግን በመስኮት ወደ ግራና አቅጣጫ አየሁ፤ የታጨደው ጤፍ ሜዳ ላይ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ከአከራዬ ጋር ግራና ወረድኩ። የራሰውን ነዶ እየፈታን ለፀሐይ ስንገለብጥ ዋልን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወገባቸውን ቀና ሲያደርጉ ስለ ማርስ ይጠይቁኛል።

«እዚያ ከጥንትም ውሃ የለም?»

«ነበር። ወንዝ የሄደበት ቦይ በፎቶ ይታያል።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«አየሩ ቀስ በቀስ ሳሳ። ውሃው ከፊሉ በረዶ ሆኖ ቀረ፤ ከፊሉም ወደ ጠፈር አመለጠ።»

«ሱብሃነላህ!» ከማሳው ግርጌ ያለውን ደረቅ የወንዝ አሸዋ አዩት። «እኛ ልጆች ሳለን እዚህ እንዋኝ ነበር።»

በአራት ዓመት ውስጥ ያን አሸዋ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ! ወንዝ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ይህን ለማወቅ እዚያ ስንት ጊዜ ለኩ?» አሉኝ።

«ዓመታት ሙሉ፣ በየቀኑ።»

«አንተስ እዚህ ስንት ቀን ለካህ?»

ነዶ የመገልበጥ ፍላጎቴ በድንገት ጨመረ።

ከጤፉ አብዛኛው ተረፈ። የጠቆረውን ለቤት አስቀሩትና ከእሱ በተጋገረ እንጀራ ጋበዙኝ። ስለ ቀለሙ ምንም አስተያየት ሳልሰጥ ጨርሼ በላሁ። ከዚያም ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠራ አንድ ወዳጄ የዝናብ መለኪያ እንዴት እንደሚተከል አሳየኝ። ግቢያችን መሃል፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጌ ተከልኩት። ባልደረቦቼ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አየር ጠየቁኝ፦ «ከማርስ ተባረርክ እንዴ?»

በልጉ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ደብተሬን ይዤ ስወጣ ሽማግሌው ቀድመውኝ መለኪያው አጠገብ አፈሩን ቆፍረው እርጥበቱ እስከምን እንደደረሰ በጣታቸው እየለኩ ነው።

«ያንተው መለኪያ ስንት አለ?»

«አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር።»

«የኔ ሁለት ጣት ነው። ለማረስ አይበቃም።»

ሁለቱንም ጻፍኩ።