ወንድሜ ከፊልሙ በፊት

እናቴ ሲኒማ ቤት ትገባለች ብሎ በሕልሙም ያሰበ ሰው አልነበረም። የመሪጌታ ሚስት ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጣና ገዳማት ድጓ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር፤ እሷም ከድጓው ባትቀስም ከቁጣው በደንብ ቀስማለች። እሱ ካረፈ በኋላ ባሕር ዳር ከተማ የቀበሌ ቤት ያዝን፤ እኔም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠርሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ፊልም ለማየት ስወጣ «የሰይጣን ጥላ ልታዪ ሄድሽ?» ትለኛለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እሄዳለሁ።

እሷን ሲኒማ ቤት ያስገባት ደርግ ነው ብል አልዋሸሁም። ታናሽ ወንድሜ ለእህል ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ተሻግሮ ሲመለስ፣ ጀልባው ላይ ሊሳፈር ሲል አፍሰው ወሰዱት። ብሔራዊ ውትድርና ነው አሉ። ስንቅ አልያዘ፣ ጋቢ አልያዘ። መጀመሪያ ሰሞን «ደኅና ነው» የሚል ወሬ በመንገደኛ ይደርሰን ነበር፤ ከዚያ ጭጭ። እናቴ ለየታቦቱ ተሳለች፣ ሱባዔ ገባች፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ታዲያ ጎረቤታችን ቁና ቁና እየተነፈሰች መጥታ፣ ልጅሽን ሲኒማ ቤት አየሁት፣ ከፊልሙ በፊት ጦሩን ሲያሳዩ መኪና ላይ ተቀምጧል አለቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ከእኔ ቀድማ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

ያን ዘመን ፊልም እንዲሁ አይጀመርም። የሕንድ ዘፈን ሊያይ የመጣ ሰው መጀመሪያ ጦር ግንባር ደርሶ መመለስ ነበረበት። ዜናው ካላለቀ ዋናው ፊልም የለም፤ በዜናው መሐል መውጣት ደግሞ የት ሄድህ ያስብላል።

አዳራሹ ቀይ መጋረጃ ነበረው። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ለሁለት ሲከፈል እናቴ ብድግ አለች፤ አማተበች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከኋላ ያሉት እማማ ይቀመጡ ይላሉ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሷ ግን የምታውቀውን ነው ያደረገችው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዝም ብሎ አይታይም፤ በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖርና ቄሱ ሲገልጡት ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ሴቱ እልል ይላል። መጋረጃ ተገልጦ የሚታይ ሁሉ ለእናቴ ሕያው ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ሸራው ገና ጨለማ ሳለ ከበሮ ይመታል፣ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ፤ የማንም ልብ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ቀጥሎ ከስክስ ጫማ። ካሜራውን መሬት ላይ አጋድመውት ነው መሰለኝ፣ ጫማው ግድግዳ ያክላል። ፊት የሚባል የለም፤ እግር ብቻ፣ አቧራ ብቻ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወንድሟን የወሰዱባት እኔ እንኳ ደሜ ሞቆ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ሰው እንዲነሳ አድርገው ነዋ የሠሩት።

ከዚያ የጭነት መኪና መጣ፤ በላዩም ፊቶች። እሱን ወዲያው አየሁት። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ወደ ጎን ዞሮ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ አንድ ነገር ይለዋል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። በላዩ ላይ ማርሽ አለ፤ በማርሹ ላይ ደግሞ ስለ ድል የሚናገር ወፍራም ድምፅ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማን እንዳላጨበጨበ የሚያይ ዓይን መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ማርሹ ራሱ እጅ ያንቀሳቅሳል። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምን አለ?»

እኔ በፋብሪካው ሽመና ክፍል ነበርሁ። እዚያ ማሽኑ ሲጮህ የጎንሽን ሰው አትሰሚም፤ የምንነጋገረው በከንፈር ነው፤ ከንፈር ማንበብ ያልቻለች ደንቁራ ትውላለች። ስለዚህ ያለውን አይቻለሁ።

«ውሃ የለም ወይ ነው ያለው» አልኋት።

 ዋናው ፊልም ሲጀምር ተነስታ ወጣች፤ ተከትያት ወጣሁ። ሐይቁን በጎን ይዘን ስንሄድ እስከ ቤታችን ድረስ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። «ጣና ዳር አሳድጌው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ እሱን ሳታይ ውሃ ቀምሳ አታውቅም።

በየቅዳሜው ሆነ። ዘበኛው እንኳ ለመዳት፤ መጀመሪያውን ብቻ አይታ እንደምትወጣ ስለሚያውቅ በሩ አጠገብ ያስቀምጣታል። ዜናው ይለዋወጣል፤ ያቺን የመኪና ሥዕል ግን ሠሪዎቹ ወደዋት ነው መሰል ከየዜናው መግቢያ አያጠፏትም፤ ዘፈኑን ብቻ ይቀይሩባታል። አንድ ሰሞን ማርሹን አንስተው ዋሽንት አደረጉባት። ያው መኪና፣ ያው የከሳ ፊት፤ ባለፈው ያጨበጨበው አዳራሽ አሁን አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ለጠፉባት። ወንድሜ አፉን ሲከፍት ልክ የሚዘፍን መሰለ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ጎረምሶች በሳቅ ፈረሱ።

እናቴ ተነሳች። «ልጄ ውሃ ጠምቶት ነው የምትስቁበት?» አለች። ጮክ ብላም አልነበረም። ጎረምሶቹ አቀረቀሩ። እኔ ግን የተናደድሁት በእነሱ አልነበረም። ሰው በዓይኑ የሚያይ ይመስለዋል እንጂ ፈራጁ ጆሮው ነው፤ ጆሮውን የያዘ እንባውንም ጭብጨባውንም ይዞታል። የወንድሜን ፊት እንደ አሻንጉሊት እንዳሻቸው ያለባብሱታል፤ ያቺን አንዲት የራሱን ቃል ግን ነፈጉት። እጃቸው ይቆረጥ እል ነበር በሆዴ።

አንዴ ደፍሬ፣ እማዬ ያው የድሮው ሥዕል ነው እኮ፣ ደጋግመው ነው የሚያሳዩን አልኋት። የእመቤታችንስ ሥዕል ያው አይደል ወይ ብላ መለሰችልኝ።

አንድ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ በራችን ተንኳኳ። የአባቴ የዱሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ ቄሶችና የእድሩ ሽማግሌዎች። ከኋላቸው በክራንች የቆመ ልጅ አለ። ሳየው አወቅሁት፤ መኪናው ላይ ከወንድሜ አጠገብ የተቀመጠው ነው። የቆላ ድባ ልጅ ነው፤ ቆስሎ ሲሰናበት አገሩ ሳይገባ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ፣ እንደ ወጉ ለሽማግሌዎቹ ነግሮ ነው። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በርሽን ሲያንኳኳ ምን ይዞ እንደመጣ መነገር አያሻውም። አንደኛው ቄስ ስለ ጽናት፣ ስለ ትንሣኤ ብዙ ካስረዱ በኋላ መርዶውን ተናገሩ። የሞተው ፊልም አንሺዎቹ በሄዱ ማግሥት ነው፤ ዓመት ሊሞላው ነው አሉ። እኛ ሥዕሉን ማየት ስንጀምር አፈር ከለበሰ ቆይቷል ማለት ነው።

«ቅዳሜ አይቼዋለሁ» አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጁ ወደፊት ራመድ ብሎ፣ እማማ፣ በዚህ እጄ ነው የቀበርሁት አላት።

«አንተንም አይቼሃለሁ» አለችው። «ውሃ ሲለምንህ ለምን ዝም አልኸው?»

«ማናችንም አልነበረንም» አለና ክራንቹን ተደግፎ አለቀሰ።

እንጀራ አቅርባ፣ ቁርስ አብልታ ሸኘቻቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ ልጮህ ስል አፌን ያዘችኝ፤ በቁሙ አታልቅሽበት አለችኝ። መርዶ ተረድቶ ልቅሶ የማይቀመጥ ቤት ጉድ ነው። እድርተኛው ድንኳን ይትከል አይትከል ግራ ገባው። ጎረቤቱ አበደች አለ። እኔ የወንድሜን ልቅሶ ያለቀስሁት ፋብሪካ ነው፤ ማሽኑ ሲጮህ አብሬው እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ የለም፤ ከንፈሬን የሚያዩት ጓደኞቼ ግን የማንን ስም እንደምጠራ ያውቁ ነበር። ማታ ፊቴን ታጥቤ እገባለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ የሞተ ወንድሜን ውሃ ሲለምን አያለሁ። ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ አላውቅም።

እንዲህ ስንል ከረምን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጋረጃው ተከፈተ፤ እናቴ ቆማ እጅ ነሳች፤ ከበሮው ግን አልመጣም። መግቢያው ተለውጧል። የስንዴ ማሳ ነው፣ ትራክተር ነው፣ ሕጻናት ሲስቁ ነው። ቆማ ጠበቀች። ዜናው አለቀ፤ መኪናው አልመጣም። እንውጣ ብዬ ክንዷን ሳብሁ፤ ተቀመጠች። ዋናው ፊልም ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወጣ ቀረች። ምናልባት ወደኋላ ያመጡት ይሆናል ብላ ነው፤ ዓይኗን ከሸራው አላነሳችም። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከብስክሌት ወድቆ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፤ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል።

በዚያ ሳቅ መሐል እናቴ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ደረቷን መታች። አጠገባችን ያሉት መጀመሪያ አልገባቸውም። ዘበኛው ባትሪውን እያበራ መጣ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ልጄ ሞተ።»

«መቼ?»

«አሁን» አለችው።

ዘበኛው ባትሪውን አጠፋ። ቤት እስክንደርስ ወሬው ቀድሞን ድንኳኑ መተከል ጀምሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሞተበትን ቀን ያውቃሉ፤ የቀበረው ልጅ ነግሯቸዋል። አርባውን የቆጠርነው ግን ከዚያች ቅዳሜ ነው፤ ቄሶቹም አልተከራከሯትም።