ከባሕሪ እስከ ቡሪ፦ ሌንስ ፍለጋ በካርቱም

ጎህ ሲቀድ፣ አል-ሳሃፋ

ከቤት የወጣሁት ገና ድንግዝግዝ እያለ ነው። መብራት ያላቸው ጄኔሬተር የገዙ ሁለት ሱቆች ብቻ ናቸው። የቀረው መንገድ አቧራ፣ የተነቀለ በርና የውሻ ጩኸት ነው። ካሜራዬን በፎጣ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ላዩን ሽንኩርት አልብሼዋለሁ። በዚህ ከተማ የካሜራ ቦርሳ አንግቶ የሚሄድ ሰው አይታይም።

እናቴ የወሎ ናት፣ አባቴ የካርቱም ሰው። ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ወንድ ፎቶ አንሺ የማይገባበትን የሴቶቹን አዳራሽ አነሳለሁ። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ምሥራቅ፣ ገዳሪፍ ከተማ ሸሸን። ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። ይዤው የወጣሁት ካሜራና አንድ አጭር ሌንስ ተርፈውኛል። ሩቁን የሚያቀርበው ዙም ሌንሴ ከነቁም ሳጥኑ የለም።

ለጁምዓ ሰርግ አለብኝ። ሙሽራዋ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች የወሎ ልጅ ናት፤ እንግዶቿም እንደሷው። ካሜራ ፊታቸው ሲደቀን ድርቅ የሚሉ ሴቶች ናቸው። የሚስቁልኝ ከሩቅ፣ እኔን ሲረሱኝ ብቻ ነው።

ሁለት ሻጮች ተገኝተዋል። የባሕሪው ሰው ያለው 70-200 የሚሉት ሌንስ ነው፤ ከባድ፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ፣ ለጨለማ አዳራሽ የሚሆን። የቡሪዋ ሴት ያላት 70-300፤ ቀላል ነው፣ የበለጠ ሩቅ ያያል፣ ብርሃን ሲያንስ ግን ይደናበራል። ልቤ ባሕሪ ነው። ያስጠረጠረኝ፣ የተሻለው ሌንስ በረከሰ ዋጋ መሸጡ ነው።

የባሕሪውን ሰው ያገኘልኝ አምጃድ የምትባለዋን ትንሽ ሚኒባስ የሚነዳው ኻሊድ ነው። እናቱ እንደኔ እናት የወሎ ናት፤ አማርኛው ግን ዐረብኛ ይበዛበታል።

«ያላ! ፈራህ እንዴ?» አለኝ። በኻሊድ አማርኛ ሁላችንም ወንድ ነን።

«ሰውየውን ከየት ታውቀዋለህ?»

«ከሱቅ። ወላሂ ጥሩ ሰው ነው።»

«ምን ያህል ታውቀዋለህ?»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ኻሊድንም መጠርጠር ጀመርኩ።

ረፋዱ ላይ፣ ባሕሪ

ድልድዩን ተሻገርን። ጋራዦቹ ጣሪያ የላቸውም፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ሽቦ የላቸውም። ከመንገዱ ዳር ግን ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ የልጅ ብስክሌት፣ የግድግዳ ሰዓት ተደርድሯል። አንዳቸውንም ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከማን ቤት ወጣ?

ሻጩ ሽቶ የተቀባ፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሌንሱን ከሕፃን ብርድ ልብስ ውስጥ አወጣው። ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ወደምትሸጥ ሴት አዞርኩት። ግንባሯ ላይ ያለው ላብ ጠብታ በጠብታ መጣልኝ፤ አንድ ጊዜ አነሳኋት። በስልኬ ባትሪ ወደ ውስጡ አየሁ፤ ሻጋታ የለ፣ ጭረት የለ። እንዲህ ያለ ሌንስ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ከዚያ ገለበጥኩት። የመለያ ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ ተፍቋል።

«የማን ነበር?»

«የወንድሜ። ፎቶ አንሺ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«ወድቆ ነው የተፋቀው። አጎቴ ከዱባይ ሲልከው ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«የወንድሜ ነው አላልክም?»

ፈገግታው አልጠፋም። «ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንቺ ፎቶ አንሺ ነሽ ወይስ ፖሊስ?»

ዋጋውን ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ። የፈራሁት ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣው ኻሊድም ከሰውየው ጋር ሲተያይ አየሁት። ሌንሱን ወዲያው አልመለስኩም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የጁምዓው አዳራሽ በዓይኔ ላይ አለ። እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይወስደዋል አልኩ። ግን አንድ የእኔ ቢጤ ባዶ ቁም ሳጥን ፊት መቆሙም ታየኝ።

«ይከብደኛል» ብዬ አስረከብኩት።

መኪናው ውስጥ ኻሊድን ጠየቅኩት። «ኮሚሽን ነበረህ?»

«ነበረኝ» አለ ሳያፍር። «ቤንዚን በነጻ አይቀዳም።»

እኩለ ቀን፣ ድልድዩ ላይ

ፍተሻ ነው። ከባሕሪ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ ይጠየቃል። ወታደሩ ሽንኩርቱን ገለጠና ካሜራውን አወጣ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማስረጃ?»

ደረሰኙ ከቤታችን ዕቃ ጋር ሄዷል። ካሜራውን ከፈተው፤ ውስጡ ያለው ያቺ ሻይ ሻጭ ብቻ ናት። ካርዱን ትናንት ነው ያጸዳሁት። ወታደሩ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አየ። ጠዋት ሻጩን የጠየቅኩትን ሁሉ እኔው ተጠየቅኩ፤ የኔም መልስ ከሱ የተሻለ አልነበረም። ካሜራው ከተወሰደ ሥራዬም አብሮ ሄደ።

ኻሊድ ከመኪናው ወረደ። «እህቴ ናት። ሰርግ ታነሳለች። መታወቂያዬ ይኸው፣ የመኪናዬ ቁልፍ ይኸው፤ ውሸት ከሆነ ያዘው።»

ወታደሩ አላመነም። እሱን ወደ ኋላ አስቁሞ እኔን ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «እናትሽ የት አገር ናት?»

«ሐበሻ፣ የወሎ።»

ሄዶ ኻሊድን ያንኑ ጠየቀው፤ የሁለታችንም እናት የወሎ ናት። ተመልሶ ሲመጣ ከንፈሩ ላይ ሳቅ ነበር። «ድልድይ ላይ እንዳታነሺ» ብሎ ካሜራዬን ሰጠኝ።

ያ ቁጥሩ የተፋቀ ሌንስ ዘንቢሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ ቡሪ ደረስን።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡሪ

የቡሪዋ ሻጭ ኡስታዛ ናዲያ በሩን አልከፈተችም። በስንጥቁ ነው ያነጋገረችን። ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ በሰላሙ ጊዜ የወንዙን ወፎች ታነሳ ነበር።

«ገዝተሽ ልትሸጪው ነው አይደል?»

«አይደለም፣ ኡስታዛ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ካሜራሽን አሳዪኝ።»

ካሜራውን ወደ ስንጥቁ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። በሩ ተከፈተ፤ ኻሊድ ግን ውጭ እንዲቆይ ተነገረው። ሌንሱን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተደበቀበት ከደረቀ የውሃ ጋን ውስጥ አወጣችው። ቁጥሩ አልተነካም። ግድግዳው ላይ በዚሁ ሌንስ የተነሱ የሻላ ወፍ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ዙሙን ሳዞረው አሸዋ ገብቶበት ይንቋቋል።

«እኔን አንሺኝ» አለችና ጥላው ውስጥ፣ ከግቢው ጥግ ቆመች።

ሌንሱ ጥላው ላይ ወዲያና ወዲህ ተንከራተተ። ጠበቅኩት። በመጨረሻ ኡስታዛ ሰልችቷት ወደ ወንዙ ስትዞር ያዝኳት። ፎቶው ሸካራ ነው። ፊቷ ግን በሩ ላይ የነበረው የተቆጣ ፊት አልነበረም። ፎቶውን ደጋግማ አየችው።

«እንደዚህ ሆኛለሁ?» አለች።

ዋጋውን አልቀነሰችም፤ እኔም ሳልከራከር ከፈልኩ።

ሊመሽ ሲል፣ አል-ሳሃፋ

«ኻሊድ፣ ቀኑን ሙሉ ጠርጥሬሃለሁ» አልኩት ስንደርስ።

«እኔም አንተን» አለ። «ለዚህ ነው ከመኪና ስወርድ ቁልፉን የማልተው።»

ሳቅን። ከዚያ ለእናቱ ፎቶ እንዳነሳው ለመነኝ። እናቱ ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ደሴ ሄዳለች፤ እሱ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ከቅርብ ሳነሳው እንደ መታወቂያ ፎቶ ደረቀ። ስለዚህ ከመንገዱ ጫፍ አቆምኩትና በአዲሱ ሌንስ ጎትቼ አመጣሁት። አንድ ጎረቤት ሰላም ሲለው ሳቀ፤ ያኔ አነሳሁት። እንዲህ ያለ ሌንስ ከሰው ኋላ ያለውን ሩቅ ነገር ሁሉ ስቦ ያስጠጋል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ የተቃጠለው ፎቅ ኻሊድ ትከሻ ላይ የተደገፈ መሰለ።

ፎቶውን በስልክ ላክንላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። የድምፅ መልእክቷ መጣ።

«ስንት ጊዜ የዱሮ ፎቶ እየላክህ ደህና ነኝ ብለኸኛል። ይኼንንም አላመንኩም ነበር። ከኋላህ ያለውን ፎቅ አየሁት። እኔ ስሄድ አልተቃጠለም ነበር። የዛሬ ነው። ልጄ፣ ከስተሃል።»

ኻሊድ መልእክቱን ደግሞ ከፈተው።