የይርሳው ዝናር

ባለቤቴ ይርሳው ሳጉሬ ወፍጮ ቤት ሲሠራ የሞተሩ ቀበቶ ግራ እጁን ስቦ ያዘው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተረፉ፣ ሌሎቹ ተቆረጡ። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ወፍጮ ቤቱ በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር። ጆንያ ማንሳት የማይችለውን ሰው ማን ይፈልገዋል? እኛ ከተሜዎች ነን፣ እርሻ የለንም። ይርሳው ግን በልጅነቱ ካታር ወንዝ ዳር ዓሣ ያጠምድ ነበርና አንድ ቀን ረጅም ሸንበቆ ቆርጦ መጣ።

ያኔ በእኛ አገር ዓሣ የሚበላ ሰው ጥቂት ነበር። የሚገዙት ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡት አስተማሪዎችና ነርሶች ናቸው፤ ይበልጡን በጾም ወራት። የሰፈራችን ሰው ይርሳው ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ በክር ሰክቶ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ከዲሮ የሚባል በግ ነጋዴ ወዳጅ ነበረው፤ እሱማ ከገበያው ማዶ ጀምሮ ነው የሚጮኸው።

«ይርሳው! ዛሬም እባብህን ይዘህ መጣህ?»

«ክንፍ ያለው እባብ የት አይተሃል?»

«ወላሂ ዛሬ አየሁ! አንተ ከበላኸው እኔ ምን ቸገረኝ። ብቻ ቤቴ ስትመጣ ደጅ ላይ ተጉመጥመጥ።»

እነሱ ይስቃሉ። እኔ ግን ይርሳው ከቤት ከወጣ ጀምሮ እስኪመለስ ልቤ ወንዙ ጋ ነው።

ዓሣ ማጥመድ ለማያውቀው ሰው ሸንበቆና ክር ብቻ ይመስለዋል። ጣጣው ያለው በትናንሾቹ ዕቃዎች ነው። ትርፍ መንጠቆ አለ፣ ክሩን ወደ ታች የሚጎትት እርሳስ አለ፣ መንጠቆውን ከዓሣው ጉሮሮ የሚያወጡበት ጉጠት አለ፣ የተተበተበ ክር የሚቆርጡበት ሰንጢ አለ። ይርሳው ይህን ሁሉ በአንድ የዘይት ጣሳ ውስጥ አጭቆ ይወስድና ከኋላው ያስቀምጠዋል። ዳርቻው ቁልቁለት ነው፣ አፈሩም የሚያንሸራትት ጭቃ። ሁለት እጅ ያለው ሰው ሸንበቆውን በአንዱ ይዞ በሌላው ጣሳውን ይጎረጉራል። እሱ ግን ሸንበቆውን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ዓሣው እየጎተተው፣ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ ነው ሰንጢ የሚፈልገው። አንድ ቀን መንጠቆ መዳፉ ላይ እንደተሰካ መጣ። ሌላ ቀን እስከ አንገቱ ርሶ ገባ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ጣሳው ሊንከባለል ሲል ያዝ አደረግሁና እኔ ተንከባለልሁ። የዛፍ ሥር ይዤ ወጣሁ።»

«ሥሩ ባይኖርስ?»

«አለ እኮ!» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ጋቢውን እየጨመቅሁ ያን ጣሳ እንዴት እንደማስቀረው አሰብሁ። ዕቃው ሁሉ ደረቱ ላይ ቢሆን፣ ቀኝ እጁ ሳያይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ቢሆን፣ ዓይኑን ከውሃው ባያነሳ፣ ባይጠማዘዝ።

ምሰሶው ላይ የአማቴ የቆዳ ዝናር ተሰቅሎ ነበር። አማቴ ምንሽር ጠመንጃቸውን ታመው ሳሉ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ለአንድ የሲሬ ሰው ሸጠው ነበር። ገዢው ዝናሩ አርጅቷል ብሎ ትቶት ሄደ። እኛም አባታችን የታጠቁት ነው ብለን አልጣልነውም። በእኛ ወገን ቤት የአባት ዝናር ምሰሶ ላይ መሰቀሉ ያኔ እንግዳ ነገር አልነበረም።

አወረድሁት፣ ቅቤ ቀብቼ አለሰለስሁት። ጥይት የሚሰካባቸው የቆዳ ቀለበቶች ለመንጠቆና ለእርሳስ በጣም ሰፊ ስለነበሩ በወስፌ እየበሳሁ በጫማ ሰፊ ክር አጠበብኋቸው። በአንዱ ቡሽ ወተፍሁና መንጠቆዎቹን እላዩ ላይ ሰካሁ። በአንዱ እርሳሱ ገባ፣ በአንዱ ትርፍ ክር የተጠቀለለበት እንጨት፣ በአንዱ ጉጠቱ። ሰንጢውን ቢያመልጠው እንዳይወድቅ በሲባጎ አሰርሁት። ይርሳው በደረቱ ላይ አሻግሮ ታጠቀውና ዓይኑን ጨፍኖ እየነካ፣ «መንጠቆ፣ እርሳስ፣ ጉጠት...» አለ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

«አባይነሽ፣ አሁን እጄ ሁለት ሆነ።»

ከዚያ ወዲህ ደርቆ ነው የሚመለሰው። የውሃው ስጋት ቀለለኝ፣ ሌላ ስጋት ግን መጣ። ዘመኑ የሶማሊያ ጦርነት ዘመን ነው። መሣሪያ ያለው ያስረክብ ተብሎ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ የካታር ድልድይ ላይም ጥበቃ ቆሟል። ዝናሩን ቢያዩትስ? ይርሳው ሲወጣ ኮቱን ከላይ አልብሼ እስከ አንገቱ እቆልፍለት ነበር።

«ሙቀቱ ይገድለኛል!»

«ሙቀት ሰው አይገድልም፤ እንዳታወልቀው።»

«እሺ እሺ፣ አላወልቅም።»

ሆሣዕና ሊገባ ሲል፣ ፀሐይ በበረታችበት ቀን አወለቀው። ድልድዩ ሥር ጥልቅ ውሃ አለ፤ ትልልቆቹ ዓሣዎች እዚያ ነው የሚውሉት። ጥበቃዎቹ ከላይ ቁልቁል ሲያዩ ዝናር የታጠቀ ሰው ድልድያቸው ሥር አድፍጦ አዩ።

ወሬውን ያመጣልኝ ከዲሮ ነው። እሱም እንደ ማንኛውም የሰፈር ወንድ ተራው ሲደርስ ጥበቃ ይወጣ ነበርና ቀበሌው የሰጠውን ምንሽር አንግቶ፣ እየሮጠ መጣ። የዚያን ቀን አልቀለደም።

«አዴ አባይነሽ፣ ቶሎ ነይ። ይርሳው ተይዟል። ጠመንጃውን አምጣ እያሉት ነው።»

«የምን ጠመንጃ?»

«እኔ አውቃለሁ፣ የለም። ግዛቸው ግን አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ከአሰላ መኪና ይመጣል። ጠመንጃው ካልመጣ ይዘውት ይሄዳሉ።»

በዚያ ዘመን ወደ አሰላ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ሰው ስንቅ ይዞ እየተመላለሰ ከርሞ፣ አንድ ቀን ስንቁን መልሱ ይባል ነበር። ያገኘሁትን ነጠላ አጣፍቼ ተከተልሁት፤ ነጠላው የማን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ግዛቸው የጥበቃው ኃላፊ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ከመጣ ገና ወሩ ነበርና ይርሳውን ከማንም አይለየውም። ይርሳው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኮቱ የለም፣ ሸሚዙ በጭቃ ተለውሷል። ሳየው ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ይሁን አይዞሽ ማለቱ አላወቅሁም። ዝናሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ውስጡ የነበረውን ሁሉ አውጥተው አንድ ላይ ከምረውታል፣ መንጠቆዎቹ ተጠላልፈዋል።

«እርስዎ ሚስቱ ነዎት?» አለ ግዛቸው።

«አዎ ጌታዬ።»

«ጌታ የለም። ጓድ ይበሉ። ጠመንጃው የት ነው?»

«ጓድ ጌታዬ፣ ተሸጧል። አማቴ ናቸው የሸጡት፣ በንጉሡ ጊዜ።»

«ለማን?»

«ለአንድ የሲሬ ሰው።»

«ስሙ?»

ስሙን አላውቀውም። ይርሳውም አያውቀውም፤ እሱ ያኔ ወፍጮ ቤት ነበር። ግዛቸው ዝናሩን አንስቶ አወዛወዘው።

«ጠመንጃ የሌለው ሰው ዝናር ቅቤ ይቀባል? እዩት፣ ያብለጨልጫል! ይህ ትናንት የተወለወለ ነው።»

«እኔ ነኝ የቀባሁት። ለመንጠቆው ነው። እጁን ይዩት፣ በዚያ እጅ እንዴት ይተኩሳል?»

«ለመተኮስ አንድ ጣት ይበቃል» አለ።

ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ከዲሮ በመስኮት አየና «የእህል መኪና ነው፣ ወደ አሰላ የሚያልፍ» አለ። እኔ ግን ጆሮዬ ከመንገዱ አልተመለሰም። የሚቀጥለው የነሱ ቢሆንስ? ዓይኔ ዝናሩ ላይ ነበር። ግዛቸው ሲያወዛውዘው የሰፋሁት ክር ይታየኛል፣ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ፣ ጥቁር በጥቁር።

«ጓድ፣ ጥይት ይክተቱበት» አልሁ።

«ምን?»

«የምንሽር ጥይት ነው የነበረበት። ከዲሮ የያዘውም ምንሽር ነው። አንዱን ይክተቱና ይዩት። አጥብቤዋለሁ፤ አይገባም።»

ይርሳው ራሱን ቀና አደረገ። ግዛቸው እኔንም እሱንም አየና ለከዲሮ እጁን ዘረጋ። ከዲሮ ጥይት አውጥቶ ሰጠው። የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ጫፉ ብቻ ገብቶ ቆመ። ገፋው፣ እምቢ አለ። ሁለተኛውም እምቢ አለ። ግዛቸው ቀጥሎ ያሉትንም ይሞክራል። ዳር የነበረው ቀለበት ላይ ሲደርስ ጥይቱ ሸርተት ብሎ ገባ።

ግዛቸው ቀና ብሎ አየኝ።

የሰንጢው ቀለበት ነው። ሰንጢው ወፍራም እጀታ ስላለው ያን አንዱን አላጠበብሁትም ነበር።

«አይገባም አላሉም?»

«የሰንጢው ነው» አለ ይርሳው ከመሬት። ከተያዘ ጀምሮ ደጋግሞ የተናገረ ሰው ድምፅ ነበር፣ የሻከረ። «ሰንጢውን ክተተው፣ ልክ ይሆናል።»

ግዛቸው ሰንጢውን ከክምሩ መዝዞ ከተተው። ልክ ሆነ። አወጣው፣ መልሶ ከተተው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ያን ጊዜ ከዲሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ግዛቸው፣ በአንድ ጥይት የሚሸፍት ሰው አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ይሄ ሰው እኮ ዓሣ ይበላል። ሽፍታ ቢሆን በጌን አይሰርቅም ነበር? ማሎ፣ እባክህ፣ ልቀቀው። ሳጉሬ ጠቅላላ ያውቀዋል፤ ሽታው ራሱ ይመሰክራል።»

ደጅ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ሳቁ። ግዛቸው መሳቅ አልፈለገም፣ ግን ከንፈሩ ከዳው። ሳቁን ለመደበቅ ይመስለኛል ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲመለስ ሰንጢውን ወደ እኔ ገፋው።

«ይቁረጡት።»

«ምኑን?»

«ዝናሩን። እዚሁ፣ ፊቴ። ከዛሬ በኋላ ዝናር የሚባል ነገር ቤታችሁ እንዳይገኝ። ድልድዩ ሥርም እንዳላየው።»

ቆረጥሁት። ቅቤ የጠጣ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ግን ሰንጢው የሰፋሁት ክር ላይ እየተያዘ ቶሎ አልሆነልኝም። ይርሳው የአባቱ ዝናር ሲቆረጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ የምቆርጠው እየቸኮልሁ ነበር፤ መኪናው ሳይደርስ፣ ግዛቸው ሐሳቡን ሳይለውጥ። ቁርጥራጩን እዚያው ትተን ወጣን። መንጠቆዎቹን ከዲሮ በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልን። የአሰላው መኪና ከተማ ሲገባ እኛ ቤታችን በራፍ ላይ ነበርን። ይርሳው ቆሞ ሊያየው ሲል በሸሚዙ ጎትቼ አስገባሁት።

እስከ ፋሲካ ከቤት አልወጣም። ማንም አልከለከለውም፤ እግሩ ነው እምቢ ያለው። አንድ ጠዋት ግን ሸንበቆውን ሲያነሳ አየሁት፣ ጣሳውንም። ነጠላዬን ለበስሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«አብሬህ።»

«ሰው ምን ይላል? ሴት ዓሣ ስታጠምድ!»

«አላጠምድም። ዕቃ አቀብላለሁ።»

ከድልድዩ ርቀን፣ ወንዙ ወደ ላይ በሚጠብበት በኩል ወረድን። እሱ ዳርቻው ላይ ቆመ፣ እኔ በቀኙ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መንጠቆዎቹን የቀሚሴ ጠርዝ ላይ ሰካኋቸው፣ እርሳሱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት፣ ሰንጢውን በእጄ ያዝሁ። «መንጠቆ» ሲለኝ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ዓይኔ ግን ውሃው ላይ አይደለም። ኮረብታው ጫፍ ላይ የመኪናው መንገድ ይታያል፤ እሱን ነው የማየው።

«አትንቀሳቀሺ፣ ዓሣው ያይሻል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ዓሣው ይየኝ።»

አቧራ አስነሥቶ አንድ መኪና መጣ። ይርሳውም ድምፁን ሰምቶ ሸንበቆውን ዝቅ አደረገ። ሁለታችንም ሳንንቀሳቀስ መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አሰላ እስኪርቅ ጠበቅን። አቧራው ተበተነ። ክሩ ግን በዚህ መሐል የዛፍ ሥር ውስጥ ገብቶ ተይዞ ነበር።

«ሰንጢ» አለኝ።

ሰጠሁት።